አድራሻ የሌለው ንባብ

ስልኬ ውስጥ አንድ ስክሪንሾት አለ። ስለ አባቶችና ስለ ዝምታ የሚያወራ የአማርኛ ጽሑፍ ነው። አራት አንቀጽ ብቻ ይታያል። የመጀመሪያው አንቀጽ ከመሃል ይጀምራል፤ የመጨረሻው ደግሞ «ያን ቀን ማታ ግን» ብሎ ይቆረጣል። ከላይ የጸሐፊው ስም የነበረበት ቦታ የለም። ከታች አንድ ቻናል ስሙን አትሞበታል፤ በዚያ ላይ ሌላ ቻናል የራሱን ደርቦበታል። ጽሑፉን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ ለሦስት ጓደኞቼም ልኬዋለሁ። ማን እንደጻፈው ግን አላውቅም። ያን ቀን ማታ ምን እንደተፈጠረም እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ይሄ በእኔ ብቻ የደረሰ አይመስለኝም። የብዙዎቻችን ስልክ እንዲህ ባሉ ቁርጥራጮች ተሞልቷል። ብዙ እናነባለን፣ ብዙ እንላላካለን፤ «ከየት አመጣኸው?» ስንባል ግን መልሳችን «ቴሌግራም ላይ አይቼው ነው» የሚል ነው። ይሄ ደግሞ «መርካቶ አገኘሁት» እንደማለት ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ለመፈለግ አይረዳም።

የጎደለን ነገር ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ስለ አንድ የሞተ ድረ ገጽ ሳነብ ነው። ዴሊሽየስ ይባላል። አብዛኞቻችን ኢንተርኔት ሳናውቅ ተወልዶ፣ እኛ ኢንተርኔት ስንለምድ የሞተ ነው። ስለ እሱ ማውራት የፈለግኩት ለናፍቆት አይደለም፤ ያልኖርኩበትን ዘመን ልናፍቅ አልችልም። ዴሊሽየስ ማንበብንና ማካፈልን እንዴት አድርጎ እንዳገናኘ ስናይ፣ እኛ የቱ ጋ እንደለያየናቸው ስለሚታይ ነው።

ለራስ የተቀመጠ፣ ለሰው የተረፈ

ዕልባት የሚለው ቃል ስልካችን ውስጥ ከመግባቱ በፊት የመጽሐፍ ቃል ነው፤ «እዚህ ጋ ደርሻለሁ» የሚል ምልክት። በድሮ ብራናዎቻችን ጠርዝ ላይ የተሰፉ ባለ ቀለም ክሮች ይሄንኑ ሥራ ይሠሩ ነበር። አንባቢው ገጹን ሳያገላብጥ የሚፈልገው ምንባብ ጋ እንዲደርስ ያደርጉታል። ክሩ ግን የሚጠቅመው መጽሐፉ እጁ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው።

በ2003 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ጆሹዋ ሻክተር የተባለ፣ ሞርጋን ስታንሊ በተባለ የፋይናንስ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ክር ለሁሉም የሚታይ አደረገው። ሻክተር የወደዳቸውን ሊንኮች አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ያጠራቅም ነበር። ብዙ ሺህ ሲሆኑበት ከየሊንኩ ጎን አንድ ሁለት ቃል መጻፍ ጀመረ፤ በኋላ ሲፈልገው በቃሉ እንዲያገኘው። ዴሊሽየስ የዚህ ፋይል ልጅ ነው።

አሠራሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ይቻላል። አንድ ገጽ ስትወዱ አድራሻውን ታስቀምጣላችሁ፤ ከአድራሻው ጋር በራሳችሁ አፍ አጭር ማስታወሻ ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን ያህል መለያ ቃል ትለጥፉበታላችሁ። ያስቀመጣችሁት ደግሞ፣ ካልደበቃችሁት በቀር፣ ለሁሉም ሰው ይታያል።

መለያ ቃሉ፣ ዛሬ ታግ የምንለው ነገር፣ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትልቅ ለውጥ ነበር። ከዚያ በፊት ዕልባት የሚቀመጠው በፎልደር ነው። ፎልደር ደግሞ እንደ ቁምሳጥን ነው፤ አንድ ልብስ አንድ መደርደሪያ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ስለ ዓድዋ የተሠራ ፊልም ላይ የተጻፈ ሂስ «ታሪክ» ውስጥ ይግባ ወይስ «ፊልም» ውስጥ? በታግ ግን ሁለቱም ውስጥ ነው፤ ከፈለጋችሁ «የሚያስለቅስ» የሚል ሦስተኛ መደርደሪያም መጨመር ትችላላችሁ። ማንም ባለሙያ «እንዲህ ያለ ዘርፍ የለም» አይላችሁም። በ2004 ቶማስ ቫንደር ዋል ለዚህ ዓይነቱ አመዳደብ ፎክሶኖሚ የሚል ስም አወጣለት፤ ከላይ የተደነገገ ሳይሆን ሕዝብ ራሱ የሚሠራው አመዳደብ ለማለት።

የዴሊሽየስ እውነተኛ ጥበብ ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ለጋስ ሁኑ አላለም። ሰው የሚያስቀምጠው ነገ ለራሱ እንዲያገኘው ነው፤ ቸርነቱ ሳይታሰብ የሚመጣ ነው። ከእያንዳንዱ አድራሻ ጎን ስንት ሰው እንዳስቀመጠው የሚያሳይ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ስትነኩ የሰዎቹ ስም ይወጣል። አንዱን ስም ስትነኩ ያ ሰው ያስቀመጠው ሁሉ ከነማስታወሻው ይዘረጋል። አንድ የማያውቁት ሰው ከእናንተ ጋር ያንኑ ብርቅ ጽሑፍ አስቀምጦ ካገኛችሁት፣ ሌላው መደርደሪያው ላይ ምን እንዳለ ማየት ትፈልጋላችሁ። እንዲህ እያላችሁ ከጽሑፍ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ጽሑፍ ትሄዳላችሁ። ሰው በሚናገረው ሳይሆን በሚያነበው የሚታወቅበት ቦታ ነበር።

በዚያው ዘመን የተነሳው ዲግ በሌላ መንገድ ሄደ። በ2004 የተጀመረው ዲግ ላይ ሰው ሊንክ ያመጣል፣ ሌላው ድምፅ ይሰጣል፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው ፊት ገጽ ላይ ይወጣል። ዲግ የአደባባይ ጭብጨባ ነው፤ ዴሊሽየስ በሯ ያልተዘጋ ጓዳ። ዲግ በ2010 ገጹን ባልተወደደ መንገድ ሲቀይር ተጠቃሚው ወደ ሬዲት ነጎደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ስሙና ድረ ገጹ ለሌላ ድርጅት ተሸጠ። ጭብጨባው ግን አልሞተም። ዛሬ አውራ ጣታችን የሚገፋው ፊድ ሁሉ ከዴሊሽየስ ይልቅ ለዲግ ይቀርባል። ስንቱ ወደደው ብሎ ይጠይቃል፤ ማን አስቀመጠው፣ ለምንስ አስቀመጠው ብሎ አይጠይቅም።

አንዲት እዝባር

ያሁ ዴሊሽየስን በታኅሣሥ 2005 ገዛው። በ2008 ከ5 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ እንዳለው ይነገር ነበር። ከዚያ ቆመ፤ አላደገም፣ አልሞተም። በታኅሣሥ 2010 ከያሁ የውስጥ ስብሰባ አንድ ስላይድ ሾልኮ ወጣ። ዴሊሽየስ ሊዘጉ ከተመደቡት አገልግሎቶች ዝርዝር ውስጥ ነበር። ሰዉ ዓመታት ያጠራቀመውን ንባብ ለማውረድ ተጋፋ። ያሁ «አንዘጋውም፣ እንሸጠዋለን» አለ፤ በ2011 የዩቲዩብ መሥራቾች ቻድ ሀርሊና ስቲቭ ቼን ገዙት። በመስከረምም አዲስ ገጽታ አልብሰው መለሱት።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነገር ለእኔ የታሪኩ ልብ ነው። ዴሊሽየስን ከማንም በላይ አጥብቀው ይጠቀሙበት ከነበሩት መካከል የፋን ፊክሽን ሰዎች ነበሩ፤ ማለትም የወደዱትን ፊልም ወይም መጽሐፍ ገጸ ባሕርያት ወስደው የራሳቸውን ታሪክ የሚጽፉና የሚያነቡ ሰዎች። ብዙ ሰው ይስቅባቸዋል። እነሱ ግን እልፍ ታሪኮችን በርዝመት፣ በስሜት፣ በገጸ ባሕርይ፣ በዕድሜ ገደብ እየለዩ፣ ማንም ሳይከፍላቸው ቤተ መጻሕፍት ሠርተው ነበር። ሁለት ገጸ ባሕርያት ፍቅር የያዛቸውበትን ታሪክ የሚለዩት በስሞቹ መካከል እዝባር በማስገባት ነው፤ ያቺ ዘንበል ያለች ሰረዝ። አዲሱ ዴሊሽየስ እዝባር ያለበትን ታግ መፈለግ አይችልም ነበር። በቃ፣ በአንዲት ምልክት ምክንያት ያ ሁሉ መደርደሪያ ተዘጋ።

በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም። ሀብቱ ሊንኮቹ መስሏቸው ነበር። ሀብቱ ግን ሰዎች ከሊንኩ ጎን የጻፏቸው ቃላት ነበሩ። አድራሻ የትም ይገኛል፤ አንዲት አንባቢ «ረጅም፣ ቀስ እያለ የሚሰብር፣ መጨረሻው ደስ የሚል» ብላ የለጠፈችው ግን እዚያ ብቻ ነው ያለው።

እነዚያ ሰዎች ፒንቦርድ ወደሚባል፣ ማቼይ ሴግሎቭስኪ የተባለ ሰው በ2009 ወደ ጀመረው ገጽ ተሰደዱ። ፒንቦርድ ያስከፍላል፤ መልክም የለውም። ባለቤቱ ግን «ምን ያስፈልጋችኋል?» ብሎ ጠየቀ። እነሱም በአንድ የጋራ ሰነድ ላይ ተሰባስበው፣ ተከራክረው፣ በርዕስ በርዕስ ከፋፍለው ረጅም ዝርዝር ጽፈው ሰጡት። ቤተ መጻሕፍታቸውን የሠሩበት እጅ ጥያቄያቸውንም በሥርዓት አደራጀው። በሰኔ 2017 ያው ፒንቦርድ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የቆየውን ዴሊሽየስን በ35,000 ዶላር ገዛው፤ አዲስ ነገር መጨመርም ተከለከለ። ያሁና የዩቲዩብ መሥራቾች ያልሆነላቸውን፣ አንባቢውን የሰማ አንድ ሰው በአንድ መኪና ዋጋ ወሰደው።

ዴሊሽየስን መልአክ ላደርገው አልፈልግም። በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችና የቴክኖሎጂ ሰዎች ቤት ነበር። ትልቁ ስህተቱ ግን የሚሊዮኖችን ትዝታ የአንድ ድርጅት ንብረት ማድረጉ ነው። ያ ስህተት አሁንም አልታረመም፤ ጽሑፍን ለኋላ ማስቀመጫ የነበረው ፖኬትም በሐምሌ 2025 ተዘግቷል።

ሥነ ጽሑፍ በስንት ይጻፋል?

እስቲ ዴሊሽየስ በአማርኛ ቢሆን ብለን እናስብ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ስለዚህ በ2003 አማርኛ ታግ መጻፍ በመርህ ደረጃ ይቻል ነበር። የመጀመሪያው ታግ «ሥነ ጽሑፍ» ይሁን። ችግሩ ወዲያው ይጀምራል። በዴሊሽየስ አሠራር ባዶ ቦታ ታግን ከታግ የሚለይ ነው፤ «ሥነ» አንድ ታግ፣ «ጽሑፍ» ሌላ ታግ ይሆናል። እሺ፣ አጣብቀን እንጻፈው። በንጉሡ ሠ ወይስ በእሳቱ ሰ? በጸሎቱ ጸ ወይስ በፀሐዩ ፀ? ሐመሩ ሐ፣ ሃሌታው ሀ ወይስ ብዙኃኑ ኀ? ሁለት በሁለት በሦስት፤ አጣብቀን ብንጽፈው እንኳ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣል። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለማሽኑ 12 የማይተዋወቁ መደርደሪያዎች።

ይሄ ቀልድ አይደለም። ዛሬም አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ፈልጋችሁ ስታጡ፣ ምናልባት የለም ማለት ሳይሆን ጸሐፊው በሌላኛው ሐ ጽፎት ይሆናል። መፈለጊያዎች ይህን በራሳቸው እንዲያስተካክሉልን እየጠበቅን ስንት ጽሑፍ ደጃችን ላይ ቆሞ አጣነው?

ዴሊሽየስ ግን ለዚህ ችግር መልስ የሚመስል ነገር ነበረው። አንድ አድራሻ ስታስቀምጡ፣ ሌሎች ምን ታግ እንደለጠፉበት ያሳያችኋል። ብዙው ሰው የበዛውን ይወስዳል፤ እልኸኛው የራሱን ይጽፋል። እንዲህ እየተባለ ቃሉ በአዋጅ ሳይሆን በልማድ ይረጋል። ስለ ሞክሼ ፊደላት ስንከራከር ኖረናል፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ክርክሩን ትተን ሰዉ በተግባር ምን እንደሚጽፍ ማየት እንችል ነበር። ዕድሉ አልደረሰንም። አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ ኢንተርኔት ላይ በብዛት ሲወጣ ዕልባት የሚጋራበት ዘመን አልፎ፣ የፌስቡክና የቴሌግራም ዘመን ነበር። ማካፈልን ተቀበልን፤ ማስቀመጥን ሳንማር።

ለምን ስክሪንሾት?

እዚህ ላይ «ሰነፍ ትውልድ» ብሎ ስብከት መጀመር ቀላል ነው። ግን ልክ አይሆንም። አንድን ሊንክ መክፈት በእኛ አገር ዳታ ነው፤ ዳታ ደግሞ ብር ነው። ብሩ ተከፍሎም ገጹ ላይከፈት ይችላል። በ2006 ብሎግስፖት ላይ ያሉ ገጾች ኢትዮጵያ ውስጥ ታግደው ነበር። በሰኔ 2018 መንግሥት ከ200 በላይ ድረ ገጾችን ከእገዳ ሲፈታ፣ አንዳንዶቹ ለዓመታት ተዘግተው የቆዩ ነበሩ። በ2020 ክረምት ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ለሳምንታት ጠፋ። እንዲህ ባለ ቦታ ሊንክ የሚልክ ሰው ተስፋ ነው የሚልከው፤ ስክሪንሾት የሚልክ ግን ዳቦውን። ምስሉ ያለ ኔትወርክ ይከፈታል፣ አይታገድም፣ ከስልክ ወደ ስልክ በሻይ ሰዓት ይተላለፋል።

መድረኮቹም አላገዙንም። ኢንስታግራም ፖስት ሥር የጻፋችሁት ሊንክ አይነካም፤ ቃል ሆኖ ነው የሚቀረው። አንባቢ ከቤታቸው እንዲወጣ አይፈልጉም። ሊንክም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩት የኢንተርኔት ገጾች ውስጥ 38 በመቶው ከ10 ዓመት በኋላ አልተገኙም። ስለዚህ ስክሪንሾት የስንፍና ልጅ ብቻ አይደለም፤ የድህነትም፣ የፍርሃትም፣ የልምድም ልጅ ነው።

ይሄን ሁሉ አምኜ፣ የሚያስከፍለን ዋጋ ግን ሊነገር ይገባል። መጀመሪያ የሚጠፋው ጸሐፊው ነው። ስለ አባቶችና ስለ ዝምታ የጻፈው ሰው፣ ወይም የጻፈችው፣ ይሄን ያህል ሰው እንዳነበበው ላያውቅ ይችላል። ሁለተኛ ጽሑፍ ለመጻፍ ከሚያበረታው ነገር ሁሉ ትልቁ መነበቡን ማወቅ ነው፤ እኛ አንብበን፣ አልቅሰን፣ ለሦስት ጓደኛ ልከን፣ ያቺን ዜና ነፈግነው። ቴሌግራም ፎርዋርድ ሲደረግ የመጣበትን ቻናል ስም ሊያሳይ ይችላል፤ ቻናሉ ግን ጸሐፊው አይደለም። አከፋፋዩ ስሙን አተረፈ፣ ደራሲው ስሙን አጣ።

ሁለተኛ፣ እርማት ይጠፋል። ጸሐፊው የተሳሳተውን ዓመት ገጹ ላይ ቢያርምም፣ ስክሪንሾቱ የድሮውን ስህተት ይዞ ይዞራል። የሐሰት ወሬም የሚመቸው እዚሁ ነው፤ ምንጭ መጠየቅን ያስረሳ ልማድ ለግጥሙ ሲያገለግል ውሎ ለውሸቱም ያገለግላል። ሦስተኛ፣ እኛ ራሳችን እንጠፋለን። ዴሊሽየስ ላይ ማስታወሻ የሚጻፍባት ጠባብ ቦታ አንባቢውን «ለምን አስቀመጥከው?» ትለው ነበር። የእኛ ፎርዋርድ አፍ የለውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ያስቀመጥነውን ስንከፍት ለምን እንደነካን ራሳችንም አናውቅም።

ያነበበውን፣ የሰማውን

ይህን ሁሉ ከፈረንጅ መማር ያለብን አስመስዬው ከሆነ ይቅርታ። የግዕዝ ብራናዎች መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ጸሎት አለ። የጻፈውን፣ ያስጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የተረጎመውን፣ የሰማውን እግዚአብሔር በአንድነት ይማራቸው ዘንድ ይለምናል። ልብ በሉ፤ መጽሐፉ በእጁ ያለፈው ሁሉ ተጠርቷል። የሚያነብና የሚሰማ ሰው እንኳ የመጽሐፉ ቤተሰብ ነው። ከጸሎቱ ጎን ደግሞ ግዝት ይከተላል፤ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚል። መፋቅ እዚህ የጽሑፍም፣ የባለቤት ስምም ሊሆን ይችላል። በእርግጥም ስም ፍቆ የራስን ስም የመጻፍ ልማድ የኖረ ነው። ክሮፕ ማድረግ ዛሬ አልተጀመረም ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ያኔ የሚፍቀው ሰው ግዝቱን አንብቦ ነበር የሚፍቀው።

ዴሊሽየስ ሳያውቀው ያንን ሰንሰለት ነበር የሠራው፤ የጻፈው አድራሻው ላይ አለ፣ ያነበበው በስሙ አለ፣ የተረዳውም በማስታወሻው አለ። ሰንሰለቱን ለመመለስ ዴሊሽየስ ከሞት መነሳት የለበትም፤ ስክሪንሾትም መከልከል የለበትም። ምስሉን ላኩ፤ ከሥሩ አድራሻውን፣ የጸሐፊውን ስምና አንድ መስመር የራሳችሁን ቃል ጨምሩ። አድራሻው እንዳይሞት ከፈራችሁ፣ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ገጹን በነፃ ማስቀመጥ ይቻላል።

እኔ እንደ ሻክተር አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከፍቻለሁ። አድራሻ፣ የጸሐፊ ስም፣ ያነበብኩበት ቀን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። ድርጅት ቢዘጋ አይዘጋብኝም፤ የፈለገ ጓደኛዬም ይወስደዋል። የመጀመሪያው መዝገብ ያቺ ስክሪንሾት ናት። አድራሻ፦ ባዶ። ጸሐፊ፦ ባዶ። ማስታወሻ፦ «አባቴን ደወልኩለት።»

ያን ቀን ማታ ምን እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ላኩልኝ። ስክሪንሾት ሳይሆን ሊንኩን።